የወፎች ክረምት መቼ ነው?

ባለፈው ሐምሌ እኛ አራት የመኝታ ክፍል ጓደኞች የፈጸምነውን ስሕተት ከመናገር ብንጀምር የሚታዘበን አንባቢ ያለ አይመስለንም፤ ግቢው ሁሉ አስቀድሞ ስቆብናልና። ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘን። መጽሐፉ በጓሮ የሚታዩትን ወፎች በዊንተር እንዴት መመገብና ወደ ቤት አጠገብ መሳብ እንደሚቻል ያስተምራል። ጣውላ በእንጨት ላይ ማቆም፣ ጥሬና ሞራ ማስቀመጥ፣ ድመት እንዳይደርስበት ከፍ ማድረግ፤ ይህን ሁሉ በሥዕል ያሳያል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ወፍን የምናውቃት በቅኔና በተረት ነው። «በእጃቸው አንዳች ነገር መሥራት አይችሉም» ሲባልብን የኖርን ስለሆንን መጽሐፉ ልባችንን ነካው። «ዊንተር» የሚለውንም ቃል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ ተማርነው «ክረምት» ብለን ተረጐምነው። ትምህርቱ ተራዝሞ ሐምሌን በግቢ የቆየንበት ዓመት ነበርና ከተሰበረ መደርደሪያ አንድ ጣውላ ነቅለን በመስኮታችን ፊት አቆምን፤ ገንዘብ አዋጥተን ሁለት ኪሎ ስንዴ ገዛን፤ በተንንም።

ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ጣለ። ጥቂት ድንቢጦች መጡ፤ ቀመስ አድርገው ሄዱ። ቀጥሎ አይጥ መጣ። በሰባተኛው ቀን ስንዴው አበጠ፤ በዐሥረኛው ቀን በጣውላው ላይ አረንጓዴ ሆኖ በቀለ። ከጎናችን ያሉት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች «የሥነ ጽሑፍ ክፍል እርሻ» የሚል ወረቀት ጽፈው ሰቀሉበት። ወፎቹ ግን ከጣውላው ዐሥር ርምጃ ራቅ ብለው፤ በረጠበው ሣር ላይ ትል እየጎተቱ እስኪበቃቸው ይበሉ ነበር። ወደኛ ዘወር ብሎ ያየን አንድም አልነበረም።

ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው ወይስ የተርጓሚዎቹ? በዚህ ጥያቄ ስንከራከር ከረምን። የደረስንበትንም ሐሳብ በዚህ መጽሔት ለማቅረብ የወሰንነው ጉዳዩ ከአንድ ጣውላ አልፎ የግቢያችንን አጥር የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ስለ አጥሩ ወደ መጨረሻው እንናገራለን። አስቀድመን ግን ስንዴው ከበቀለ በኋላ የተሰነዘሩብንን ሁለት ወቀሳዎች በቅንነት መመለስ ይገባናል።

አንደኛው ወቀሳ የመጣው ከቆላ ከመጣ ጓደኛችን ነው። «እኔ ልጅነቴን የጨረስሁት ማማ ላይ ቆሜ ወፍ ሳባርር ነው» አለን። «መዳፌን ተመልከቱት፤ ወንጭፍ የላጠው ነው። ግሪሳ የወረደበትን የማሽላ ማሳ ያላየ ሰው ብቻ ነው ለወፍ ስንዴ የሚገዛ።» ለዚህ ወንድማችን መልስ ስንፈልግ ቈጥረን ተመለከትን። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች ይባላል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ሚሊዮን ሆነው ሲወርዱ በአንድ ቀን የሚያጠፉት 200 ኩንታል ይሆናል። አንድ ገበሬ ከነልጆቹ ዓመቱን የደከመበትን ማሳ በአንድ ጧት ሲያጣ፤ ልጁ በወንጭፍ ቢከላከል ማን ይፈርድበታል? እኛ አንፈርድም። ይሁን እንጂ በአገራችን የታወቁት የወፍ ዐይነቶች ከ800 ይበልጣሉ፤ ግሪሳ ከነዚህ አንዷ ናት። በግቢያችን አጥር ላይ የሚያድሩት ወፎች የማንንም ማሽላ አልበሉም። አንዲት ወፍ ለፈጸመችው ወገኖቿን ሁሉ መክሰስ ሕግ የሚማሩት ወንድሞቻችንም የሚቀበሉት አይመስለንም።

ሁለተኛው ወቀሳ ግን ከበድ ያለ ነው። «ሰው በሚራብበት አገር ለወፍ ስንዴ መበተን የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ተባልን። ይህን የተናገረችን እኅት ስትስቅ አልነበረችም። እኛም ለብዙ ቀን መልስ አጣን። የካፊቴሪያችን ትርፍራፊ እንኳ ባለቤት እንዳለው እናውቃለን፤ ማታ ማታ በኋላ በር ቡሌ የሚጠብቁትን ልጆች የማያውቅ የግቢ ተማሪ የለም። ከፊቱ ካለው ዳቦ ቈርሶ ለወፍ የሚጥል ተማሪ ከማን አፍ ቀንሶ እንደሚጥል ማሰብ አለበት። ሁለት ኪሎው ስንዴ ቢፈጭ ለአንድ ቤተሰብ የቀን እንጀራ ባይሆንም ቂጣ ይወጣው ነበር። ስለዚህ ወቀሳውን ተቀብለናል። ስንዴ ገዝተን ዳግመኛ አንበትንም።

ነገር ግን ወቀሳው የሚነካው ስንዴውን ነው። ወፏ ራሷ ምን ትፈልጋለች? የምትፈልገውስ በእርግጥ ከሰው አፍ የሚነጠቅ ነገር ነውን? ይህን ሳንጠይቅ ስንዴ መግዛታችን ነው ያሳፈረን። ጥያቄውን ለመመለስ ወደዚያው ወደ መጽሐፉ ተመልሰን፤ ሰዎቹ ለወፍ የሚያበሉት በምን ምክንያት እንደ ሆነ መመርመር ነበረብን።

ምክንያታቸው ሞኝነት አይደለም። በሰሜን አውሮፓ ዊንተር ማለት ሌሊት ማለት ነው። በለንደን ከተማ በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል፤ የቀረው ዐሥራ ስድስት ሰዓት ጨለማ ነው። ምድሩ በበረዶ ሲጠነክር ትል ከአፈር አይወጣም፤ ነፍሳት ይጠፋሉ፤ ውሃው ይረጋል። በእንግሊዝ ጓሮዎች ሁሉ የምትታወቅ አናቷ ሰማያዊ የሆነ ትንሽ ወፍ አለች፤ ክብደቷ 11 ግራም ያህል፤ የሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ማለት ነው። ይህች ወፍ በአንዲት ብርዳም ሌሊት ሰውነቷን ለማሞቅ ብቻ እስከ ክብደቷ አንድ ዐሥረኛ ድረስ ልታቃጥል ትችላለች። በዚያች አጭር ቀን የተቃጠለውን ካልተካች የሚቀጥለውን ጧት አታይም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቀን ከመስኮት የሚወረወር አንድ እፍኝ ጥሬ ነፍስ ማዳን ነው።

በኖርዌይና በስዊድን ገበሬው በልደት ሰሞን ያልተወቃ የአጃ ነዶ ለወፎች በእንጨት ላይ ያቆማል፤ ከቆየ ልማድ የመጣ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1890ና በ1891 መካከል ክፉ ብርድ ሲወርድ ጋዜጦች ሕዝቡ ለወፎች ምግብ እንዲያወጣ ለምነው ነበር። በ1962ና በ1963 መካከል የመጣው ዊንተር ደግሞ በእንግሊዝ ከ1740 ወዲህ ያልታየ ብርድ ነበር፤ ከትንንሾቹ ወፎች ብዙዎቹ አለቁ። ሰዎቹ ይህን በዐይናቸው ስላዩ ነው በየጓሮው ጣውላ የሚያቆሙት። ልማዱ ከችግሩ ተወለደ።

ደግሞም በዚያው በተወለደበት አገር እንኳ ልማዱ ያለ ጉዳት አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር አንዲት አረንጓዴ ጥሬ በሊታ ወፍ ጉሮሮዋን የሚዘጋ በሽታ ያዛት። የታመመችው ወፍ መዋጥ ስለማትችል የያዘችውን ጥሬ በምራቋ አርሳ መልሳ ትጥለዋለች፤ ጤነኛዋ ታነሣዋለች። ወፎች ተጨናንቀው በሚበሉበት ባልጸዳ ጣውላ ላይ በሽታው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተላለፈ። 4.3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ቍጥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 2.8 ሚሊዮን ገደማ ወረደ፤ በ2021ም ከክፉ አደጋ ላይ ካሉት ወፎች መዝገብ ገባች። የሻገተ ኦቾሎኒም እንዲሁ መርዝ ይይዛል፤ ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ለወፍ የሚረባ ጕልበት አይሰጥም። ስለዚህ ዛሬ በዚያ አገር ያሉት አዋቂዎች ጣውላው ዘወትር እንዲታጠብ፤ ቦታውም በየጊዜው እንዲለወጥ አጥብቀው ይመክራሉ። መልካም አሳቢነት ያለ ዕውቀት ገዳይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ተምረናል።

አሁን ወደ ትርጉሙ እንመለስ። «ዊንተር» እና «ክረምት» በመዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ቢቆሙም በምድር ላይ አይተዋወቁም። የእነርሱ ዊንተር ምግብ የሚጠፋበት ወቅት ነው፤ የእኛ ክረምት ምድር የምትከፈትበት ነው። ሐምሌ ሲገባ ትሉ ከአፈር ይወጣል፤ አባጨጓሬው በቅጠሉ ላይ ይርመሰመሳል፤ ረጅም ቀልማማ ምንቃር ያላቸው፤ ጧት በጩኸታቸው የሚቀሰቅሱን ትልልቅ ወፎች የኳስ ሜዳውን ሣር እየወጉ ይውላሉ። ከወፎቻችን ብዙዎቹ ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉት በዝናቡ ወራትና ዝናቡን ተከትሎ ነው፤ ለጫጩት የሚሆን ለስላሳ ምግብ ያን ጊዜ ይገኛልና። በክረምት መግቢያ የሚቸገሩ ቢኖሩ ጥሬ በሊታዎቹ ናቸው፤ መሬት ላይ የወደቀው ዘር ዝናብ ሲያገኘው ስለሚበቅል ለጊዜው የሚለቅሙት ያጣሉ። ግሪሳም ከአገር ወደ አገር የምትሰደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጣውላችን ላይ የበቀለው ስንዴ ይህንኑ ሊያስተምረን ነበር፤ እኛ ግን ስቀን አለፍነው።

ታዲያ የእኛ ወፎች ክረምታቸው መቼ ነው? ብርዱን የጠየቀ እንደ ሆነ በአዲስ አበባ ሌሊቱ ከሁሉ የሚበርደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ በደጋው ውርጭ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ሆኖም በእኛ አገር አጭር የሚባለው ቀን እንኳ ከዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን አለው፤ ወፏ የምትለቅምበት ጊዜ አታጣም። የሚከፋው ከዚያ በኋላ ነው። ጥር አልፎ የካቲት ሲገባ፤ በልጉ የዘገየ እንደ ሆነም እስከ ሚያዝያ ድረስ፤ ሣሩ ይደርቃል፤ ምንጩ ይነጥፋል፤ በከተማ ውስጥ የቀረው ውሃ ደግሞ ሳሙናና ዘይት የተቀላቀለበት የቦይ ውሃ ነው። የእኛ ወፍ ክረምቷ በጋው ነው። ያን ጊዜ ለእርሷ አንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ ከአንድ ኩንታል ስንዴ ይበልጣል። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» የሚሉት አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ችግሯም እንዳገሯ ነው።

በዚህ ላይ በበጋ የሚመጡ እንግዶች አሉ። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የብርዱን ወራት ሸሽተው ወደ አገራችን የሚገቡት ወፎች ብዙ ናቸው፤ ከብት እየተከተለች ጅራቷን የምትነቀንቀውን ባለ ቢጫ ሆድ ወፍ ያላየ የለም። ከነዚህ እንግዶች የአንዱ ታሪክ አስደንቆናል። ወንዱ በራሱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ የሚመስል፤ ሴቷ ግን ቆቧ ቡናማ የሆነ ግራጫ ወፍ አለ። ይህ ወፍ በአውሮፓ ይፈለፈላል። ከምሥራቁ ወገን የሆነው ብርዱ ሲመጣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳል፤ በእኛ ደጋም ፍሬና ነፍሳት እየለቀመ ይከርማል። ከደቡብ ጀርመንና ከኦስትሪያ የሆነው ግን ወደ ደቡብ ምዕራብ የመሄድ ልማድ ነበረው። ከቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ከእነዚህ አንዳንዶቹ መንገዳቸውን ለውጠው ወደ እንግሊዝ አገር ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው ለዚህ አንዱ ምክንያት በእንግሊዝ ጓሮዎች የሚቀርበው ምግብ ነው። አስቡት፤ በየጓሮው የተሰቀለ ሞራና ጥሬ የወፍን የስደት መንገድ ቀየረ። ይህ ከሆነ አንድ ወንድሙ በለንደን ጓሮ የሰው እጅ ሲጠብቅ፤ ሌላው ባሕርና በረሃ አቋርጦ ወደ እኛ ሲመጣ፤ ምን አዘጋጅተንለታል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ሳለን ነው ቋንቋችን ራሱ መልስ ይዞ የተገኘው። «ወፍ ዘራሽ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው ሳይተክለው ወፍ ጥላው የበቀለ ተክል ማለት ነው። አሳዳጊ የበደለውን ሰው ለመስደብም እንጠቀምበታለን። ነገር ግን ቃሉን በቀጥታ እንየው። ወፏ የጥዱን፣ የወይራውን፣ የሾላውን ፍሬ ትበላለች፤ ዘሩን ሌላ ቦታ ትጥለዋለች፤ ከጣለችው ዛፍ ይበቅላል። ገበሬው ይህን አይቶ ስም ሰጠው። እንግዲህ ወፍን መመገብ የሚፈልግ ሰው እርሷው የጀመረችውን መቀጠል እንጂ ሌላ ዘዴ መፈለግ ምን ያደርግለታል? ስንዴ ስንሰጣት ትበላና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ፍሬ የሚሰጥ ቍጥቋጦ ስንተውላት ግን ትበላና መልሳ ትተክለዋለች።

ለዚህ የሚሆነውን ተክል ከሩቅ አገር ማስመጣት አያስፈልግም። ቀጋ አለ፤ አጋም አለ፤ ኮሽም አለ፤ ሦስቱም እሾኻም ስለ ሆኑ ወፏ ስትበላ ድመት አይደፍራትም። የሐበሻ ጥድ ያለ እንደ ሆነ ክንፉ ጥቁር የሆነው አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን ፍሬውን ፍለጋ ይመጣል፤ ይህ በቀቀን በኢትዮጵያና በኤርትራ እንጂ በሌላ አገር የሚገኝ አይደለም። ሬትና ራስ ክምር ሲያብቡ ቀጭን ምንቃር ያላቸው አበባ መጣጮች ይሰበሰባሉ። ከዚህ ሌላ የወደቀ ቅጠል ሁሉ በየቀኑ ተጠርጎ ካልተቃጠለ በሥሩ ትልና ጢንዚዛ ይኖራል፤ ለወፍ እርሱ ማዕድ ነው።

ይህን ስንነጋገር ከወሎ የመጣ ሙስሊም ጓደኛችን አንድ ነገር ነገረን። በሃይማኖታቸው ትምህርት ሰው ዛፍ ተክሎ ከዚያ ዛፍ ወፍ ወይም እንስሳ ወይም ሰው የበላ እንደ ሆነ ለተካዩ እንደ ሰደቃ ይቈጠርለታል። እኛም ክርስቲያኖቹ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ለርግቦች ጥሬ የሚበትኑ እናቶችን እያየን አድገናል። ሁለቱም ምጽዋት ነው። ነገር ግን ያቺ «የጠገበ ሰው ጨዋታ» ያለችን እኅታችን ይህን ስትሰማ፤ «እንደርሱ ከሆነ እስማማለሁ፤ ከአጋሙ እኔም እበላለሁ» አለች። ቀጋና አጋም ስንለቅም ያላደግን ማን አለን? ከስንዴው ላይ ወፍና ሰው ይሻማሉ፤ ከአጋሙ ላይ ግን አብረው ይበላሉ። ክርክሩ በዚህ ተፈታ።

እነሆ አሁን ወደ አጥሩ ደረስን። በግቢያችን ሰሜን በኩል፤ ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ፤ ከድንጋዩ አጥር ሥር ርዝመቱ ሰማንያ ርምጃ የሚሆን ጥቅጥቅ ያለ ቍጥቋጦ አለ። ቀጋ፣ ኮሽምና አጋም የተደባለቀበት ነው፤ በመካከሉ ሁለት ወይራ ቆመዋል። በዚህ ወር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ወፍ ዘራሽ ቍጥቋጦው ተመንጥሮ» ቦታው ድንጋይ እንደሚነጠፍበትና በመስመር ዘንባባ እንደሚተከልበት ይገልጻል። ሥራው የሚጀመረው በሰኔ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ቃሉን ለማቃለል እንደ ተጠቀመበት ይገባናል። ነገር ግን ሳያውቅ እውነቱን ተናግሯል። ያን ቍጥቋጦ ማንም አልተከለውም፤ ማንም ውሃ አላጠጣውም፤ አንድ ሳንቲም አልወጣበትም። ተካዮቹ ወፎች ናቸው። ሊመነጠር የታቀደው ደግሞ ልክ ጎጆ በሚሠሩበት ወራት መግቢያ ላይ ነው።

የግቢው ኀላፊዎች ያቀረቡትን ምክንያት ደብቀን ልንከራከር አንፈልግም። ቍጥቋጦው ሌባ ይደብቃል ይላሉ፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ በአጥሩ ዘሎ የገባ ሰው ልብስ ከገመድ ላይ እንደ ወሰደ እውነት ነው፤ ከተወሰደው ልብስ አንዱ የእኛ ነበር። ቆሻሻም ይጠራቀምበታል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው፤ የጣልነው ግን እኛው ተማሪዎች ነን። ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በቍጥቋጦው ላይ መውደቁ ግን ፍርድ አይመስለንም። ሌባውንም ቢሆን ከእሾኻም ኮሽም ይልቅ የተነጠፈ ድንጋይ ይበልጥ እንደሚመቸው የታወቀ ነው። ዘንባባውም በመስመር ሲቆም ለዐይን ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን ለፍሬ በሊታ ወፍ የኮሽምን ያህል ማዕድ፤ ለጎጆም የቍጥቋጦን ያህል መሸሸጊያ አይሆንም።

ስለዚህ በሚመጣው የተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ እነዚህን አራት ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ቍጥቋጦው እንዳይመነጠር፤ ለጥበቃ ሲባል ወደ መንገዱ የወጣው ቅርንጫፍ ብቻ እንዲቈረጥ፤ ይህም ወፎች በማይፈለፍሉበት ጊዜ እንዲደረግ። መብራት የሚያስፈልግ ከሆነ መብራት ይተከል።

ሁለተኛ፤ በሥሩ የተጠራቀመውን ፕላስቲክና ጠርሙስ እኛው ተማሪዎች በአንድ ቅዳሜ ወጥተን እንድናጸዳ። ይህን ሳናደርግ የመለመን ፊት የለንም።

ሦስተኛ፤ ከጥር እስከ በልጉ ዝናብ ድረስ በየመኝታ ቤቱ ጀርባ አንድ ጣባ ውሃ እንዲቀመጥ። ጣባው ጥልቅ መሆን የለበትም፤ ትንሽ ወፍ የምትቆምበት ድንጋይ በመካከሉ ይደረግ፤ ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፤ ጣባውም ይታጠብ። የእንግሊዝ አገሯ ወፍ ምን እንደ ደረሰባት ከላይ ተናግረናል።

አራተኛ፤ ዳቦ፣ ወጥ የነካው እንጀራና የሻገተ ነገር ሁሉ ለወፍ መጣል እንዲቀር። ለሰው የሚሆን ትርፍ ካለ በኋላ በር ለሚጠብቁት ልጆች በክብር ይሰጥ።

በዚህ ሁሉ ወጪ የሚጠይቅ ነገር ካለ የሁለት ሸክላ ጣባ ዋጋ ነው። እርሱንም አስቀድመን ከፍለናል። የካቲት ሲገባ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቹ ወረቀት የሰቀሉበትን ጣውላ አውርደን በቦታው ሁለት ጣባ አኖርን። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ርግቦች መጡ። ከሳምንት በኋላ ጧት ከትምህርት በፊት መስኮቱ አጠገብ ቦታ ለመያዝ መሻማት ጀመርን፤ ስማቸውን የማናውቃቸው ወፎች ተራ ይዘው ይጠጡና ይታጠቡ ነበርና። በመጋቢትም አንድ ቀን ራሱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ ግራጫ ወፍ በድንጋዩ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ጠጣና ወደ ቍጥቋጦው ገባ። ከየት አገር እንደ መጣ፤ ወደ የትስ እንደሚመለስ ልንጠይቀው አንችልም፤ ማረፊያው ግን ያ ሊመነጠር የታቀደው አጥር ነው።

ጣባዎቹን ጧት ጧት የሚሞላው ማን እንደ ሆነ ብንናገር የሚያምነን ይኖር ይሆን? ያ በወንጭፍ የተላጠ መዳፉን ያሳየን የቆላው ልጅ ነው። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ስንጠይቀው፤ «ውሃ ነው እኮ፤ ማሽላ አልጠየቀችኝም» አለን። ስብሰባው ላይ ስለ ቍጥቋጦው የሚናገረው እርሱ ነው። አንባቢያን ሁሉ ከሰኔ በፊት ድምፃችሁን ትሰጡ ዘንድ እንለምናለን።